ባቡር፣ አውሮፕላንና መርከብ፦ «ፈጣን ባቡር ለምን አንሠራም?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅዳ ነው። ከመካ መዲና ያለውን 450 ኪሎ ሜትር በፈጣን ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ገብቻለሁ። ጃፓንና ቻይና በአገር ውስጥ ጉዞ አውሮፕላንን በባቡር እንደተኩ አነባለሁ፤ መርከብ ደግሞ ለሰው መጓጓዣነት ጊዜው ያለፈበት ይመስለኛል። ታዲያ ኢትዮጵያ ለአውሮፕላን ማረፊያ የምታወጣውን ገንዘብ ትታ ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል ጎንደር የሚደርስ፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር ለምን አትሠራም? በፍጥነት፣ በዋጋ፣ በደኅንነትና የአየር ብክለትን በመቀነስ ከሦስቱ የሚበልጠውስ የትኛው ነው?»

ምላሽ፦

ጃፓን በአገር ውስጥ ጉዞ አውሮፕላንን በባቡር አልተካችም፤ ቻይናም አልተካችም። ቶኪዮን ከሳፖሮ የሚያገናኘው የአየር መስመር በዓለም ላይ ብዙ መንገደኛ ከሚመላለስባቸው መስመሮች አንዱ ነው። ቻይናም ከ45,000 ኪሎ ሜትር በላይ ፈጣን ሐዲድ በዘረጋችባቸው ዓመታት ጎን ለጎን በርካታ አዳዲስ አውሮፕላን ማረፊያዎችን ሠርታለች። መርከብም ቢሆን ከውቅያኖስ ማዶ ለማዶ ጉዞ ተገፍቶ ወጣ እንጂ በደሴቶችና በባሕር ወሽመጦች መካከል ዛሬም እጅግ ብዙ ሰው ያመላልሳል። ስለዚህ «ከሦስቱ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ሁለት ከተሞች ተለይተው ሲጠሩ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ በዓመት የሚመላለሰው ሰው ብዛትና የመሬቱ አቀማመጥ ሲታወቅ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ፍጥነትን እንመልከት። የመንገደኛ ጄት በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፈጣን ባቡር 300፣ የተለመደው የመሻገሪያ መርከብ ደግሞ ከ30 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይሁን እንጂ የመንገደኛው ጊዜ የሚቆጠረው ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ የሚሄድበት ደጃፍ እስኪደርስ ነው። በአየር የሚጓዝ ሰው ወደ ማረፊያው ለመሄድ፣ ለፍተሻ፣ ለመሳፈር፣ አውሮፕላኑ ተራውን ጠብቆ እስኪነሣ፣ ሻንጣውን ለመረከብና ከማረፊያው ወደ ከተማ ለመግባት በድምሩ ሦስት ሰዓት ያህል ያጠፋል፤ ይህም በረራው አጭር ሆነ ረጅም ብዙም አይለዋወጥም። ጣቢያው መሐል ከተማ የሆነ ባቡር ግን ለተመሳሳይ ነገር ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ ይበቃዋል። ባቡሩ መቆሚያዎቹን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር፣ አውሮፕላኑ መነሣትና ማረፉን ጨምሮ 700 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ ብለን ብናሰላ ሁለቱ እኩል ጊዜ የሚወስዱት 700 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ ባነሰ ርቀት ባቡሩ፣ ከዚያ በበለጠ ርቀት አውሮፕላኑ ይቀድማል። በትራንስፖርት ዕቅድ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች የባቡር ጉዞው ከሦስት ሰዓት ካነሰ አብዛኛው መንገደኛ ባቡሩን እንደሚመርጥ፣ ከአራት ሰዓት ተኩል ካለፈ ደግሞ ወደ አውሮፕላኑ እንደሚያዘነብል የምንናገረው ከዚሁ ስሌት ተነሥተን ነው።

በተግባር የታየውም ይህንኑ ይመስላል። የቶካይዶ ሺንካንሰን የተባለው የጃፓን ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. በ1964 ሲከፈት ከቶኪዮ ኦሳካ ያለውን 515 ኪሎ ሜትር በአራት ሰዓት ያደርስ ነበር፤ ዛሬ ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ያደርሳል፤ በመስመሩም ላይ የበላይነቱን እንደያዘ ነው። ከማድሪድ ባርሴሎና ያለው 621 ኪሎ ሜትር በ2008 በፈጣን ባቡር ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲወርድ በአውሮፓ እጅግ ከተጨናነቁት የአየር መስመሮች አንዱ የነበረው የሁለቱ ከተሞች በረራ አብዛኛውን መንገደኛውን አጣ። ለንደንና ፓሪስም እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን የማንሽ ወሽመጥ ከሥሩ በሚያቋርጠው ዋሻ አማካይነት ከ1994 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ከቤጂንግ ሻንጋይ ግን ርቀቱ 1,318 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ባቡር እንኳ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚህ መስመር ላይ ባቡሩም አውሮፕላኑም ገበያቸው የደራ ነው። ከቶኪዮ ፉኩኦካ ደግሞ ባቡሩ አምስት ሰዓት ያህል ሲፈጅ የፉኩኦካ አውሮፕላን ማረፊያ ከዋናው የባቡር ጣቢያ በምድር ውስጥ ባቡር አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚርቅ ብዙው ሰው በአየር ይሄዳል። የማረፊያው ወይም የጣቢያው ቦታ ከሞተሩ ፍጥነት ይልቅ ውጤቱን የሚወስንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስቱም መጓጓዣዎች የተፈራረቁበትን የሳፖሮን መስመር ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። ሆካይዶ ደሴት በመሆኑ ከዋናው ሆንሹ ደሴት የሚመጣው ባቡር ከአኦሞሪ ሃኮዳቴ የሚሻገረው በመርከብ ተጭኖ ነበር። በመስከረም 1954 ቶያ ማሩ የተባለችው መርከብ በከባድ አውሎ ነፋስ ሰጥማ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። ቀድሞም ታስቦ የነበረው የባሕር ሥር ዋሻ ከዚህ እልቂት በኋላ አጣዳፊ ብሔራዊ ጉዳይ ሆነ፤ 53.85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሴይካን ዋሻም በ1988 ተከፈተ፤ የመርከብ መሻገሪያውም በዚያው አበቃ። ይሁን እንጂ ዋሻው ተቆፍሮ እስኪያልቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት ጄት አውሮፕላን መንገደኛውን ወስዶ ነበር። ፈጣኑ ባቡር ዋሻውን አቋርጦ ሃኮዳቴ አጠገብ የደረሰው በ2016 ሲሆን እስከ ሳፖሮ የሚዘልቀው ክፍል አሁንም በግንባታ ላይ ነው። ዛሬ ከቶኪዮ ሳፖሮ በባቡር ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በአየር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ዋሻው የሰው ሕይወት አድኗል፤ የጭነት ባቡርም በየቀኑ ይተላለፍበታል፤ ስለዚህ ከንቱ ወጪ ነው አልልም። ነገር ግን ታላቅ የምህንድስና ሥራ በራሱ መንገደኛ እንደማይስብ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ሴኡልን ከጄጁ ደሴት የሚያገናኘው መስመርም ተመሳሳይ ነው፤ ርቀቱ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም እርስዎ ከመካ መዲና የተጓዙትን ያህል ሆኖ ሳለ መካከሉ ባሕር ስለሆነ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው በአውሮፕላን ይመላለስበታል።

ፈጣን ባቡር የላይኛው ብቻ ሳይሆን የታችኛውም ወሰን አለው። ርቀቱ ከ150 ኪሎ ሜትር ካነሰ ባቡሩ ፍጥነቱን አግኝቶ ሳይጠቀምበት መቀነስ ይጀምራል፤ የተረፈው ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ወደ ጣቢያ በመሄድና ከጣቢያ በመውጣት ይበላል። ኢንዶኔዥያ በ2023 የከፈተችው የጃካርታ–ባንዱንግ መስመር 142 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ወደ ባንዱንግ መሐል ከተማ የሚሄደው መንገደኛ ከከተማው ውጭ ወርዶ ሌላ ባቡር መያዝ አለበት። ፈረንሳዮችም በ1990ዎቹ በአሚዬንና በሳን ካንታን መካከል ሜዳ ላይ ጣቢያ ሠርተው ከሁለቱም ከተማ የራቀ በመሆኑ ሕዝቡ «የቀይ ሥር እርሻ ጣቢያ» ብሎ ሰይሞታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ገንዘቡ ልሂድ። አውሮፕላን ሁለት ከተሞችን ለማገናኘት የሚፈልገው ሁለት ማኮብኮቢያ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሠሩ በኋላ ሦስተኛ ከተማ ለመጨመር አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ይበቃል፤ ገበያው ከቀነሰም አውሮፕላኑ ወደ ሌላ መስመር ይዛወራል። ባቡር ግን እያንዳንዱን ሜትር መግዛት፣ መደልደል፣ ማንጠፍና ለዘለዓለም መጠገን ይጠይቃል። የዓለም ባንክ ቻይናን አስመልክቶ በ2014 ባወጣው ጥናት የፈጣን መስመር ግንባታ በኪሎ ሜትር ከ17 እስከ 21 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ አስቀምጧል፤ ይህም ብዙ ኪሎ ሜትር በተከታታይ በመሥራት የተገኘ ርካሽ ዋጋ ነው፤ በአውሮፓ ከዚህ ይበልጣል። በ20 ሚሊዮን ሒሳብ 500 ኪሎ ሜትር 10 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። በዓመት 4 በመቶ ወለድ ቢታሰብበት ዋናው ብድር ሳይነካ ወለዱ ብቻ 400 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዓመት 20 ሚሊዮን ሰው ቢጓዝ የወለዱ ድርሻ በአንድ ሰው 20 ዶላር ይደርሳል፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ብቻ ቢጓዝ ግን 400 ዶላር ይሆናል፤ ለኤሌክትሪክ፣ ለሠራተኛና ለጥገና ገና ምንም ሳይከፈል። ፈጣን ባቡር ብዙ ሰው ባለበት ቦታ እጅግ ርካሽ፣ ጥቂት ሰው ባለበት ቦታ እጅግ ውድ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው። በቶካይዶ መስመር ላይ የሚሄደው አንዱ ባቡር 1,323 መቀመጫ አለው፤ በአገራችን የአገር ውስጥ በረራ ላይ የምናውቀውን ባለ ሁለት ሞተር ኪው 400 አውሮፕላን አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ባቡር በተጨናነቀው ሰዓት በየጥቂት ደቂቃው ይነሣል።

የእርስዎ የመካ–መዲና ባቡርም የሚታየው በዚሁ ዓይን ነው። በ2018 ሥራ የጀመረው ይህ መስመር ሁለቱን ቅዱሳን ከተሞች ጅዳንና ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያዋን አቋርጦ ያገናኛል፤ በሐጅና በዑምራ የሚመጣው ሰው ብዛት በዓለም ላይ በማንኛውም ሌላ ጥንድ ከተማ መካከል በቀላሉ አይገኝም፤ ግንባታውንም የከፈለው የነዳጅ ሀብት ያለው መንግሥት ነው። ከዚህ መስመር መማር የሚቻለው የተሳፋሪው ብዛት ሲረጋገጥ ባቡር ምን ያህል እንደሚሠራ ነው፤ ተሳፋሪው ባቡሩን ተከትሎ ይመጣል የሚል ትምህርት ግን አይገኝበትም።

ዕዳው ያልከበደው አገር ጥቂት ነው። የጃፓን ብሔራዊ ባቡር ድርጅት በ1987 ተከፋፍሎ ወደ ግል ሲዛወር ዕዳው 37 ትሪሊዮን የን ደርሶ ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በፖለቲካ ግፊት መንገደኛ በሌለባቸው አካባቢዎች የተዘረጉ መስመሮች ናቸው። የቻይና መንግሥታዊ የባቡር ድርጅት ዕዳም 6 ትሪሊዮን ዩዋን ገደማ ነው። በካሊፎርኒያ በ2008 ሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሎስ አንጀለስ–ሳን ፍራንሲስኮ መስመር በመጀመሪያ 33 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃል ተብሎ ሲገመት ዛሬ ግምቱ ከ100 ቢሊዮን በላይ ሆኗል፤ አንድም መንገደኛ አላጓጓዘም። በአንጻሩ ሞሮኮ ከጊዜው ጋር የተመጠነ ውሳኔ ወስዳለች ብዬ አምናለሁ። በ2018 የከፈተችው አል ቡራቅ የተባለ ፈጣን ባቡር በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ከታንጀር እስከ ቀኒጥራ ባለው አዲስ ሐዲድ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ እስከ ካዛብላንካ የሚሄደው በታደሰው የቀድሞ መስመር ላይ ነው። ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅ የነበረው ጉዞ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሆነ። ይህ የተቻለው አዲሱም አሮጌውም ሐዲድ ስፋቱ አንድ፣ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ስለሆነ ነው። የጃፓን አሮጌ ሐዲድ 1,067 ሚሊ ሜትር ስለነበር ለሺንካንሰኑ ሁሉንም ነገር ከባዶ መሥራት ግድ ሆኗል።

የቲኬት ዋጋን በተመለከተ አንባቢዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ፤ የሚታየው ዋጋ እውነተኛውን ወጪ እምብዛም አያሳይም። በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አውሮፕላኑ ይዞት የሚገባውን ነዳጅ ከቀረጥ ነፃ አድርጓል፤ በዚያ ላይ በተመሠረተው ልማድም የዓለም አቀፍ በረራ ነዳጅ በአብዛኛው አይታክስም። በባቡር በኩል ደግሞ መንግሥታት ሐዲዱን በራሳቸው ገንዘብ ሠርተው ከተሳፋሪው የሚጠይቁት የሥራ ማስኬጃውን ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በሕንድ ለተራው ተጓዥ የባቡር ቲኬት ያን ያህል የረከሰው የጭነት ባቡሩ ገቢ የመንገደኛውን ኪሳራ ስለሚሸፍን ነው። የሁለት አገሮችን የቲኬት ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ባቡር ይረክሳል» ወይም «አውሮፕላን ይረክሳል» ማለት፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሳይታይ፣ አሳሳች ነው።

ስለ ደኅንነት ያለው አስተሳሰብም መስተካከል አለበት። በሺንካንሰን ከ1964 ጀምሮ በግጭት ወይም ከሐዲድ በመውጣት የሞተ ተሳፋሪ የለም፤ ነገር ግን ይህ የፈጣን ባቡር ሁሉ ባሕርይ አይደለም። በጀርመን ኤሸዴ በ1998 በአንድ መንኮራኩር መሰንጠቅ 101 ሰዎች፣ በቻይና ዌንዡ በ2011 በምልክት ሥርዓት ብልሽት 40 ሰዎች፣ በስፔን ሳንቲያጎ በ2013 ጠመዝማዛ ላይ ከልክ በላይ በመፍጠን ወደ 80 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። የጃፓን ምስጢር ለፈጣኑ ባቡር የተለየ ሐዲድ መስጠት፣ መንገድ አቋራጭ አለመኖር፣ ፍጥነትን በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያና በየሌሊቱ የሚደረግ ጥገና ነው። የአየር መንገድ ደኅንነት ደግሞ በአንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚመራ በመሆኑ ድሃ አገርም ሆነ ሀብታም አገር ውስጥ ያለ ጥሩ አየር መንገድ ተመሳሳይ ደረጃ ሊይዝ ይችላል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1946 ጀምሮ በርሮ ዛሬ የደረሰበት ቦታ ላይ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የውኃ ላይ ጉዞ ነው። ከታይታኒክ መስጠም በኋላ በ1914 የተጀመረው የባሕር ላይ ሕይወት ጥበቃ ስምምነት በየጊዜው እየተሻሻለ ቢመጣም የሚመለከተው በአገሮች መካከል የሚጓዙ መርከቦችን ነው። በአንድ አገር ውስጥ በደሴቶች መካከል ወይም በሐይቅ ላይ የሚሠራው መርከብ ለዚያ አገር ሕግና ለዚያ አገር ተቆጣጣሪ የተተወ ነው። አስከፊዎቹ አደጋዎች የደረሱትም እዚያ ነው። በፊሊፒንስ በታኅሣሥ 1987 ዶኛ ፓዝ የተባለችው መርከብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ ከ4,000 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ በመንገደኛ መዝገብ ላይ ስማቸው እንኳ አልሰፈረም። በ1996 በቪክቶሪያ ሐይቅ ቡኮባ፣ በ2002 በሴኔጋል ለጆላ የተባሉት መርከቦች ሰጠሙ፤ ለጆላ ከ600 ለማይበልጥ ሰው የተሠራች ሆና ሳለ 1,863 ሰዎች ሞተውባታል። በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚደጋገመው ከመጠን በላይ መጫን ነው። ለመከላከል የሚያስፈልገውም ውድ ቴክኖሎጂ ሳይሆን የተሳፋሪ መዝገብ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ቆጠራና ነፋስ ሲበረታ «ዛሬ አትነሣም» የማለት ሥልጣን ያለው የወደብ ኃላፊ ነው።

መርከብ ጊዜው አልፎበታል የሚለው አባባል በከፊል እውነት የሚሆነው በረጅሙ ጉዞ ላይ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችው መርከብ በ1952 አትላንቲክን በሦስት ቀን ከአሥር ሰዓት አቋርጣ ክብረ ወሰን ስትይዝ የውቅያኖስ ጉዞ ገና ሙሉ ክብር ነበረው፤ በ1958 ጄት አውሮፕላን በዚያው መስመር ላይ ሲሰማራ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገበያው ተሟጠጠ። ዛሬ መደበኛ የአትላንቲክ የመንገደኛ ጉዞ የምታደርገው ኩዊን ሜሪ 2 ብቻ ስትሆን ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሌሊት ይፈጃል። መርከብን በማፍጠን ይህን መቀልበስ አይቻልም፤ የውኃ ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር እየከበደ ስለሚሄድ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው የሞተር ኃይል ስምንት እጥፍ ያህል ነው። ካታማራን የሚባሉት ባለ ሁለት ቀፎ ፈጣን መርከቦች በአንድ መንገደኛ የሚያቃጥሉት ነዳጅ አንዳንዴ ከአውሮፕላን ጋር የሚፎካከረውም ስለዚህ ነው። በአጭር መሻገሪያ ላይ ግን መርከብ ተወዳዳሪ የለውም፤ በኢስታንቡል፣ በግሪክ ደሴቶችና በኢንዶኔዥያ የሕዝቡ የዕለት ኑሮ አካል ነው። ኖርዌይ በ2015 አምፔር የተባለችውን በባትሪ የምትሠራ መኪና አሻጋሪ መርከብ አሰማርታ በ20 ደቂቃ መሻገሪያ ላይ ናፍጣን ማስቀረት እንደሚቻል አሳይታለች፤ ከዚያ ወዲህ በደርዘን የሚቆጠሩ ሌሎች ተከትለዋል።

የአየር ብክለትን በተመለከተ የኤሌክትሪክ ባቡር ከአውሮፕላን በግልጽ ይበልጣል፤ ሆኖም ሁለት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። አንደኛው የኤሌክትሪኩ ምንጭ ነው። ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከኒውክሌር በምታመነጨው ፈረንሳይ አንድ መንገደኛ በፈጣን ባቡር አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚለቀቀው ካርቦን ከ10 ግራም በታች ሲሆን በአጭር በረራ ከ150 ግራም ይበልጣል፤ ድንጋይ ከሰል በሚያነድ አገር ግን ልዩነቱ በጣም ይጠብባል። ሁለተኛው ባቡሩ መሙላቱ ነው። ለድልድይ፣ ለዋሻና ለሐዲድ የገባው ሲሚንቶና ብረት ባቡሩ ሳይነሣ ካርቦን አስወጥቷል፤ ያ የሚካካሰው ብዙ መንገደኛ ከአውሮፕላንና ከመኪና ወደ ባቡሩ ሲዞር ነው። ፈረንሳይ ከ2023 ጀምሮ በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በሚደረስባቸው ከተሞች መካከል በረራ የከለከለችው ሐዲዱ አስቀድሞ ተሠርቶ ሞልቶ ስለሚሄድ ነው፤ የተነኩትም ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ናንት፣ ሊዮንና ቦርዶ የነበሩት ሦስት መስመሮች ብቻ ናቸው። ክልከላው ከግንባታው ቢቀድም ኖሮ ሰውን ወደ መኪና መንገድ ይገፋው ነበር።

እንግዲህ እርስዎ ያቀረቡትን የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር–ጎንደር ፈጣን ባቡር በእነዚህ መለኪያዎች ስመዝነው አሁን መሠራት የለበትም እላለሁ። ርቀቱ ለፈጣን ባቡር ተስማሚ ነው፤ የኤሌክትሪካችን ምንጭ በአብዛኛው ውኃ መሆኑም ትልቅ ጸጋ ነው። ችግሩ መሬቱና የተሳፋሪው አቅም ነው። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ 1,400 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ባቡር በየሺህ ሜትሩ 25 ሜትር እየወረደ ቢሄድ እንኳ፣ ይህም ለጭነት ባቡር ከባድ የሚባል ተዳፋት ነው፣ በአንድ በኩል ወደ ወንዙ ለመውረድ ብቻ 56 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ ለመውጣት ደግሞ ሌላ 56 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። በጣም ረጅም ድልድይ ወይም ዋሻ ርቀቱን ሊያሳጥረው ይችላል፤ ዋጋውን ግን በኪሎ ሜትር 20 ሚሊዮን ከምንለው እጅግ አርቆ ይወስደዋል። ያንን ወጪ በሚሸፍን የቲኬት ዋጋ የሚመላለስ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ደግሞ ዛሬ በዚህ መስመር ላይ የለም። በዚህ አቅጣጫ አውሮፕላኑ ለጊዜው ትክክለኛው መሣሪያ ነው፤ ሸለቆውን በደቂቃዎች ያልፈዋል፤ የፍላጎቱን መጨመር ተከትሎም በረራ መጨመር ይቻላል።

ገንዘቡና ጥረቱ መግባት ያለበት በእጃችን ባለው ሐዲድ ላይ ነው። ከ1897 እስከ 1917 የተሠራውን ባለ አንድ ሜትር ስፋት አሮጌ መስመር የተካው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀምሯል፤ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የመንገደኛ ባቡሩ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህ መስመር ዛሬ በዋናነት ጭነት ያመላልሳል፤ ይህም ዕዳውን ለመክፈል ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ክፍል ጥንድ ሐዲድ ስለሆነ ጭነቱን ሳያስተጓጉል የሰው ባቡር ሊያስተናግድ ይችላል፤ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማም በአገሪቱ ብዙ ሰው ከሚመላለስባቸው ከተሞች መካከል ናቸው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ከለቡ አዳማ ጠዋትና ማታ በየሰዓቱ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚነሣ የመንገደኛ ባቡር ይመደብ። ከዚሁ ጋር የለቡ ጣቢያ ከመሐል አዲስ አበባ ስለሚርቅና የከተማው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ላይ ስለሚቆም በባቡሩ ሰዓት የሚነሡ አውቶቡሶች ከጣቢያው ደጃፍ ይሰማሩ፤ ይህ ካልሆነ ባቡሩ የሚያተርፈው ጊዜ ሁሉ ታክሲ በመጠበቅ ያልቃል። ቀጥሎ ብዙው ሐዲዱ ተነጥፎ ለዓመታት ለአገልግሎት ሳይበቃ የቆየው የአዋሽ–ወልዲያ መስመር ይጠናቀቅ፤ አዲስ ብድር ከመፈረም በፊት የተከፈለበትን ሥራ ላይ ማዋል ይቀድማል። በጣና ሐይቅም ላይ የሚሠሩት ጀልባዎች ከላይ የዘረዘርኩት የመዝገብ፣ የጃኬትና የአየር ሁኔታ ቁጥጥር ይደረግባቸው፤ ይህ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ሊዘገይም አይገባውም።

የባሕር ዳሩ መስመር ጥያቄ እንደገና መነሣት ያለበት የአዳማው ባቡር በየዕለቱ ሞልቶ መሄዱ ሲረጋገጥና በዓባይ ሸለቆ ላይ ዝርዝር የጂኦሎጂ ጥናት ሲደረግ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የምመክረው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የመንገደኛ ብቻ መስመር ሳይሆን ከ120 እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ እህል፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ የሚጭን ባቡር ከሰው ባቡር ጋር የሚጋራውና ስፋቱ ከጅቡቲው ሐዲድ ጋር አንድ የሆነ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአራትና በአምስት ሰዓት ቢያደርስ ለነጋዴውና ለቸኮለው ሰው አውሮፕላኑን አይተካም፤ ዛሬ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ለሚንገላታው እጅግ ለሚበዛው ተጓዥ ግን የተሻለ አማራጭ ይሆናል፤ የጭነቱ ገቢም ለቲኬቱ ዋጋ መቀነስ የሚረዳው በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ብቻ ነው።